ወይን፣ ሲጋርና የቤት ድግስ በሐዋሳ፦ ከባለትዳሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆችም አሉን። ወይን የሁለታችን ፍቅር ነው፣ ሲጋር ግን የእኔ ብቻ ነው። ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ወይም ለመልስ የሚደግስ ወዳጅ ሁሉ አስቀድሞ ወደ እኛ ይደውላል፤ ለዓመታት በስልክ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ባለቤቴ ሁሉንም አንብባለች። ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማችም፤ የእሷንም ሐሳብ በየቦታው አስገብቻለሁ።

ሲጋርና ሲጋራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በአንዲት ፊደል ስለሚለያዩ ግራ ማጋባታቸው አይገርምም። ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለ የተከተፈ ትምባሆ ነው። ሲጋር ግን ወረቀት የሚባል ነገር የለውም፣ ሁለመናው ቅጠል ነው፦ በሆዱ የታጠፉ ረጃጅም ቅጠሎች፣ እነሱን የሚያስር አንድ ጠንካራ ቅጠል፣ ከላይ ደግሞ እንደ ልብስ የሚሸፍነው ስስና ለስላሳ ቅጠል። ኩባ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ኒካራጓና ሆንዱራስ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። ከአህጉራችን ደግሞ የካሜሩን ቅጠል ለላይኛው ልብስነት በጣም ይፈለጋል። ሮቡስቶ የሚባለው መጠን ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስኪያልቅ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። በሻይ ዕረፍት የሚጨስ ነገር አይደለም። ጭሱም በአፍ ተቀምሶ ይለቀቃል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም።

ባለቤትህ እንዴት ፈቀደችልህ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው፤ ስለዚህ እውነቱን ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አልጠየቅኋትም። ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣልኝን ሲጋር ከካልሲዎቼ ሥር ደብቄ፣ እሷ ወላጆቿን ለመጠየቅ ስትሄድ በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ታጥቦ በረንዳው ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላዋ ጭሱን ጠጥቶ ቆየ። በማግስቱ ለቅሶ ልትደርስበት ስታነሳው ሸተታት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ይህንን ከእኔ የደበቅህ ሰው ሌላስ ምን ደብቀሃል?» ብቻ አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ያ ጥያቄ ዛሬም ድረስ ይሰማኛል።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን። የተስማማነው ይህ ነው፦ ሲጋር በዓመት ከስድስት አይበልጥም። አንዱ ለጋብቻችን ዕለት፣ አንዱ ለዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ሁለቱ ዓመታዊ ፈቃዴን ስወጣ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ላልታሰበ ደስታ ናቸው፤ ለምሳሌ ባለፈው የእህቴ ልጅ ሲመረቅ አንዱን አወጣሁ። ለወይንና ለሲጋር የሚሆን ገንዘብ ከወር ወጪው ተነጥሎ በአንድ ፖስታ ይቀመጣል፤ ፖስታው ባዶ ከሆነ ግዢ የለም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያና ዕቁቡ ሳይወጡ ፖስታው አይሞላም። ወይኑን የምትመርጠው እሷ ናት፤ አፍንጫዋ ከእኔ የተሻለ ስለሆነ ማለቴ ነው፣ ለማባበል አይደለም።

ባለቤቴ የመጀመሪያውን ተቃውሞዋን የጻፈችው እዚህ ጋ ነው፦ «ስድስቱ አራት ቢሆኑ ይበቃል።» ክርክሩ አላለቀም።

የአገር ውስጥ ወይን ይሻላል ወይስ የውጭ?

ለእኛ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም፤ ወይኑ የሚበቅለው ወደ አዲስ አበባ በምንመላለስበት መንገድ ላይ ነው። ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ያቋቋመው የወይን እርሻ አለ። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት ዝርያዎች በዚያ አሸዋማ መሬት ላይ ተተክለው፣ የመጀመሪያው ወይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ለገበያ ቀረበ። ሪፍት ቫሊና አኬሺያ የሚል ስም የያዙት ጠርሙሶች የዚያ ምድር ልጆች ናቸው። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት በዙሪያው ቦይ የተቆፈረለት የወይን እርሻ ሌላ የት እንዳለ እስኪ ንገሩኝ! በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

ከእሱ በፊት ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤታችንን የሞላው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። የጉደር ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ቀይ ወይንና ጣፋጩ አክሱማይት በአባቶቻችን ሠርግ ላይ የነበሩ ናቸው።

ፍርዴን ልስጥ። ወይን በዓመት አንዴ ለሚቀምሱ እንግዶች አክሱማይት አያሳፍርም፤ «ይህማ ለልጅ ነው» የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሥጋ ለሚቀርብበት ራት የዝዋይን ሲራ ወይም መርሎ እመርጣለሁ። የውጭውን ወይን ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን በሞቃት መደብር መስኮት ላይ ስንት ዓመት ፀሐይ እንደ መታው አታውቁም። አንድ ጊዜ ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ከፖስታችን ግማሹን አውጥተን አንድ የጣልያን ቀይ ወይን ገዛን። ስንከፍተው ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ነበር፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ። የሸጠልን ሰው «ወይን ሲያረጅ ነው የሚጣፍጠው» ብሎን ነበር። አብዛኛው ወይን የሚሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው፤ ዕድሜ የሚያሳምረው ጥቂቱን ብቻ ነው፣ እሱንም በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ከቆየ። ስትገዙ ቡሹ ከአንገቱ ከፍ አለማለቱን፣ ወይኑ እስከ አንገቱ መሙላቱን፣ ጠርሙሱ ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ አለመነሳቱን እዩ። ብዙ ደንበኛ ካለው መደብር መግዛትም ይረዳል፤ ዕቃው አይከርምበትም።

ወይን ከወጥ ጋር ይሄዳል?

ይሄዳል፣ ግን በርበሬያችንን ማክበር ያስፈልጋል። አልኮል በርበሬው አፍ ላይ የሚያነደውን እሳት ያባብሰዋል። ምላስን የሚያደርቀው የቀይ ወይን ታኒንም እንዲሁ። ስለዚህ ጠንካራ ደረቅ ቀይ ወይን ከሚያቃጥል ወጥ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ ጥፋቱም በወይኑ ይሳበባል። ትንሽ ጣፋጭነት ያለውና ቀዝቀዝ ያለ ወይን ግን ቃጠሎውን ያስታግሳል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ አክሱማይትን ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ አቀርባለሁ።

ሁለተኛው የባለቤቴ ተቃውሞ፦ «ከዶሮ ወጥ ጋር ጠጅ እንጂ ወይን አይጠጣም።» እናቷም ከእሷ ጋር ናቸው። ሁለት ለአንድ ተሸንፌያለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

ለክትፎ፣ ቅቤው የታኒኑን ድርቀት ስለሚያለዝበው መርሎ ይስማማዋል፤ ሚጥሚጣው በርከት ካለ ግን አልመክርም። ለጥሬ ሥጋ ጉደር።

የሐዋሳ ሀብት ግን ዓሣው ነው። ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ ገና ከመረብ የወጣ ቆሮሶ እገዛለሁ። ባለቤቴ ሰንጥቃና በጨው አሽታ በሙሉው ትጠብሰዋለች፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ዳጣው ከዳር ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀመጣል። ከዚያ ጋር ከፍሪጅ የወጣ ነጩ ወይን ሻርዶኔ! የሎሚው ኮምጣጣነትና የወይኑ ኮምጣጣነት እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ዘይቱን ከአፍ ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። ከወይን ጋር ለመተዋወቅ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ በዚህ ጀምር እለዋለሁ። ዳጣውን ግን በልክ፣ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ።

ጠጅ ከወይን ጋር አብሮ ይቀርባል?

በአንድ ምሽት ሁለቱን አታቀላቅሉ፤ አንዱን ምረጡ። በቤት የሚጣለው ጠጅ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ሆኖ፣ ጌሾ ተጨምሮበት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ይብላላል። ስኳሩ ወደ አልኮል እየተለወጠ ሲሄድ ጣዕሙ እየደረቀ፣ ኃይሉ እየጨመረ ይመጣል። በብርሌ ላይ የአልኮል መጠን አልተጻፈም፤ የጣፈጠውም ቢሆን ሊያዘናጋ ይችላልና እንግዳችሁን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

በሐዋሳ ሙቀት ወይንን እንዴት እናስቀምጠው?

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ» የሚለው ምክር የመጣው ቤታቸው ቀዝቃዛ ከሆነ አገሮች ነው። ለቀይ ወይን የሚስማማው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን፣ የበጋ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ውስጥ ወደ 30 ይጠጋል። ቀዩንም ቢሆን ከማቅረባችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። መብራት ከጠፋ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አቁሙት፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው።

ያልተከፈተውን ጨለማ በሆነ ክፍል፣ ወለሉ አጠገብ አስቀምጡ። እኛ ከአልጋ ሥር በካርቶን ነው የምናስቀምጠው። ባለ ቡሹ ይጋደም፤ ቡሹ ከደረቀ አየር ያስገባል። ፍሪጅ ራስ ላይ መደርደር የተለመደ ነው፣ ከሁሉ የከፋው ቦታ ግን እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ይሞቃል። የተከፈተ ወይን ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለጥብስ።

ሲጋር ያለ ልዩ ሳጥን ይቀመጣል?

ይቀመጣል። ሲጋር የሚፈልገው ከ65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀት ነው። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ፣ እርጥበትን የሚጠብቁ ትንንሽ ከረጢቶችና አንድ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ውድ የእንጨት ሳጥን አያስፈልግም። መለኪያው እውነት መናገሩን በቤት ጨው መፈተን ይቻላል፦ በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጋችሁ፣ ሊጥ እስኪመስል ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩበት፤ ከመለኪያው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ ሁልጊዜ 5 አሳንሶ ይነግራችኋል ማለት ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ክዳኑን በተደጋጋሚ አትክፈቱ። በክረምት ደግሞ ሻጋታን ፈልጉ። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካያችሁ ሁሉንም በፕላስቲክ አሽጋችሁ ለሦስት ቀን በረዶ ቤት፣ ከዚያ ለአንድ ቀን ተራ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። ደግሞም ሲጋር ሽታ ይስባል። በርበሬ፣ ቡናና እጣን ከሚቀመጥበት ቁም ሳጥን አርቁት። እኔ ይህን የተማርኩት ኮረሪማ ኮረሪማ የሚሉ አራት ሲጋሮችን ካበላሸሁ በኋላ ነው።

እንዴት ይቆረጣል፣ እንዴት ይለኮሳል?

ጭንቅላቱ ላይ ካለችው ትንሽ ቆብ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በተሳለ መቁረጫ። ብዙ ከተቆረጠ ልብሱ ይፈታል። ለመለኮስ የክብሪት ድኝ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። የቤንዚን መለኮሻና ሻማ ሽታቸውን ይተዉበታል። እሳቱ ከጫፉ ትንሽ ይራቅ፣ ሲጋሩን እያሽከረከራችሁ ዙሪያውን አሙቁት። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል፤ ከፈጠነ ይግልና ይመራል። ሲያልቅ አትደፍጥጡት፣ አስቀምጡት፣ በራሱ ይጠፋል። አብሮት ምን ይጠጣ ለሚለው፦ ስኳር የሌለው የሲዳማ ቡና። ከአልኮል ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

የት ይጨሳል?

ሬስቶራንት፣ ሆቴልና መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው የተዘጉ ቦታዎች፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ይከለክላል፤ ከእነዚህ ቦታዎች በርና መስኮትም 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆም አልኮልም መሸጥ ክልክል ነው። በቤቴ የምቀመጠው ከግቢው ጥግ፣ ማንጎው ሥር ነው፤ ልጆቹ ተኝተው፣ የቤቱ መስኮት ተዘግቶ። ከመግባቴ በፊት ሸሚዜን እለውጣለሁ፣ አፌን እታጠባለሁ። ነጠላም ገመድ ላይ አለመኖሩን አረጋግጣለሁ።

ይህ ሁሉ ለጤና እንዴት ነው?

ይጎዳል። «ጭሱ ካልተሳበ ጉዳት የለውም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። የሲጋር ኒኮቲን በአፍ ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ጭሱም የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰርን ያመጣል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። በዓመት ስድስት ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። የማያጨስ ሰው እኔን አይቶ እንዲጀምር አልፈልግም፤ የጀመረም ቁጥሩን ማቆየት ካቃተው ፈጽሞ ይተወው። አልኮልንም በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ከጉዳት ነጻ የሆነ መጠን እንደሌለ በግልጽ አሳውቋል።

ባለቤቴ በሁለቱም እርግዝናዎቿ ወይን አልቀመሰችም፤ እኔም ሲጋር አልነካሁም፣ ሳጥኑን ለወንድሜ በአደራ ሰጥቼ ነበር። ሌላው በአገራችን ቸል የሚባለው መድኃኒት ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ በየጊዜው የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል እየተወሰደ አልኮል አይጠጣም፤ ከጨረሱም በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ አስቀድሞ ሸክም አለበትና ጭራሽ አይቅመስ። እንግዳ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ሲል «አንዲት ብቻ» ብሎ የሚወተውት አስተናጋጅ ያናድደኛል።

የማይጠጡ እንግዶች ሲኖሩስ?

ሐዋሳ ውስጥ ይህ ከእንግዶቻችሁ ግማሹ ሊሆን ይችላል። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን አይጠጡም፣ ሙስሊም ወዳጆቻችን አይጠጡም፣ ከኦርቶዶክሱም በጾምና በስለት የሚተዉ ብዙ ናቸው። ትምባሆንማ ከጥንት የሚጸየፉ ናቸው፤ አጼ ዮሐንስ 4ኛ አጥብቀው ከልክለውት እንደ ነበር ይታወቃል። ስለዚህ ጠርሙስ የቤቱ ንጉሥ የሚሆንበት ድግስ ግማሹን ጠረጴዛ ባይተዋር ያደርጋል። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ ብርዝ በራሱ ብርሌ፣ ቀሪቦ በማሰሮ፣ የአምቦ ውሃ ከሎሚ ጋር፤ እነዚህ ቀድመው ይቀርባሉ፣ ወይኑ በኋላ ይመጣል። ብርዝ ሲዘጋጅ በዕለቱ ተበጥብጦ መቅረብ አለበት፤ ሞቅ ባለ ቤት ካደረ መብላላት ስለሚጀምር፣ ለማይጠጣ ሰው የአደራ ጉዳይ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ብርጭቆ ነው የምናወጣው። «ለጤናችን» ሲባል ብርዝ የያዘውም እኩል ያነሳል።

የባለቤቴ እናት ሲዳማ ናቸው። በፍቼ ጫምባላላ ምሽት ወይን አንከፍትም። ያገባች ሴት በዓመት አንዴ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ የምትሄድበት ልማድ የዚህ በዓል ሥር ነው፤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ሰፍሯል። ባለቤቴ ይህንኑ ይዛ ስትገባ አማቴ ምርቃታቸውን ይጀምራሉ። ከዚያ ምሽት ላይ የሚጎድል መጠጥ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

በጾም ወይን ይጠጣል?

ወይን የእንስሳት ተዋጽኦ ስላልሆነ እንደ ሥጋና ቅቤ አይቆጠርም፤ ግን ዓቢይ ጾምን ከመጠጥም ጭምር የሚጾሙ ብዙዎች ናቸው፣ እኛም እንዲሁ። የእኛ የወይን ቀን ጥር 12 ነው፤ ውሃው ወይን የሆነበት የቃና ዘገሊላ በዓል የሠርግ ቤት ታሪክ ስለሆነ ለባለትዳር ልዩ ነው።

ለመልስ ወይም ለልደት ስንት ጠርሙስ ይበቃል?

አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። የሚጠጡትን ብቻ ቁጠሩ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ ያዙ፦ ለ20 ጠጪ 8 ጠርሙስ። ከዚያ በላይ የሚገዛው ለታይታ ነው። ለሚያሽከረክሩት ምንም አይቀዳም፤ የቀመሰ ሰው መኪናውን ግቢያችን አሳድሮ በባጃጅ ይሄዳል፣ ለባጃጁ ከፖስታው እንከፍላለን።

ባዶ ጠርሙሱን ምን ታደርጉታላችሁ?

አብዛኛው ታጥቦ ጠጅ ለምትጥል ጎረቤታችን ይሰጣል። የበዓላቱን ግን እናስቀራለን። ባለቤቴ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የበላነውንና የነበሩትን ሰዎች ስም በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ከአልጋው ሥር ከሙሉዎቹ ይልቅ ባዶዎቹ በዝተዋል፤ የመጀመሪያው የታላቅ ልጃችን ክርስትና ነው፣ አንድ ጉደር፣ 11 ስም። ከስሞቹ ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም።